በ47 ዓመቴ ኪቦርድ ጀመርኩ፤ ሁለቱ እጆቼ አብረው አልሄድ አሉኝ

መርፌና ክር | ጎንደር፣ ፒያሳ | ጥቅምት 11፣ ማታ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ አንባቢ ነበርኩ፤ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ኪቦርዱን ቤት ጥሎት ሄደ። ባለ 61 ቁልፍ ያማሃ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ሲጠጣ ከረመ። ለመስቀል ቤት ሳጸዳ አወረድኩት። ሰካሁትና አንዷን ነጭ ነካሁ። ድምፁ ክፍሉን ሞላው። መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

እናቴ ጥጥ ስትፈትል የምታንጎራጉራት ዜማ ነበረች። ቃል የላትም። አፏን ሳትከፍት ነው የምታዜማት። እናቴ ካረፈች 9 ዓመት ሆናት። ያቺን ዜማ በጣቴ ማውጣት እፈልጋለሁ። መድረክ የመውጣት ሐሳብ የለኝም፤ የምፈልገው ይኸው ነው።

አሁን አንድ ወር ሊሞላኝ ነው። ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ እለማመዳለሁ። ቀኝ እጄ ብቻውን ደህና ነው። ግራዬም ብቻውን ይሞክራል። ሁለቱን አንድ ላይ ሳደርግ ግን ግራዬ ቀኜን ይከተላል። አንዱ ሲመታ ሌላውም መምታት ይፈልጋል። በዚያ ላይ ትከሻዬን ያመኛል። ኖታ ማንበብስ የግድ ነው? ዘግይቻለሁ ብላችሁ ካሰባችሁም ንገሩኝ፤ አልቀየምም።

የአዘዞው ኪቦርዲስት | ጥቅምት 11፣ ማታ 4፡05

እትዬ፣ እንኳን ደህና መጡ። ሰርግ ላይ ስጫወት 11 ዓመት ሆኖኛል። ያነሱት ጉዳይ ውስጤን ነክቶታል፤ ስለዚህ በደንብ ልጻፍልዎት።

መጀመሪያ ኪቦርዱ ላይ «ስታይል» የሚለው ከበራ ያጥፉት። ከበሮውንም ቤዙንም ራሱ ስለሚጫወት ደስ ይላል። ግን ግራ እጅዎን ሥራ ያስፈታዋል። እኔ ስጀምር በሱ ተደግፌ ሦስት ዓመት ባከነብኝ። አንድ ቀን ያለ ስታይል ተጫወት ስባል ግራ እጄ ምንም አያውቅም ነበር።

ቀጥሎ ቦታዎን ይወቁ። ጥቁሮቹ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እየሆኑ ነው የተደረደሩት። ከሁለቱ ጥቁሮች በስተግራ ያለችው ነጭ ሁልጊዜ ዶ ናት። ከሷ ወደ ቀኝ ነጮቹ በተራ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ናቸው። በእርስዎ ኪቦርድ ላይ ከግራ ሲቆጥሩ ሦስተኛዋ ዶ መሃለኛዋ ዶ ናት። ቀኝ እጅዎ ከሷ ይነሳ።

እናትዎ የሚያንጎራጉሯት ዜማ ትዝታ ሳትሆን አትቀርም ብዬ ገመትኩ። ትዝታ አምስት ድምፅ ነው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። አውራ ጣት 1 ነው፣ ትንሿ ጣት 5። ዶን በ1፣ ሬን በ2፣ ሚን በ3 ይምቱ። ከዚያ አውራ ጣትዎን ከመሃል ጣት ሥር አሳልፈው ሶልን በ1፣ ላን በ2 ይምቱ። ይህ የጣት መሽሎክ ካልተለመደ፣ በኋላ ዜማ ሲረዝም ጣት ያልቃል።

ሞክረው ይንገሩኝ።

ጡረተኛው መምህር | ጥቅምት 12፣ ጠዋት 1፡40

እህቴ፣ እኔ በ61 ዓመቴ ነው የጀመርኩት። አሁን 68 ነኝ። ስለ መዘግየት ከዚህ በላይ አልጽፍም።

እጆችዎ የተጣበቁት ስላረጁ አይደለም። ለሁሉም ሰው እንደዚያው ነው፤ ለሕፃኑም። ሕፃኑ ግን ማንም ሳይታዘበው መቶ ጊዜ ይሳሳታል። እኛ አምስት ጊዜ ስንሳሳት «አልሆነልኝም» ብለን እንነሳለን።

ጥጥ ሲፈትሉ ማየትዎን ጠቅሰዋል። እስቲ ያስታውሱት። ቀኝ እጅ እንዝርቱን ጭን ላይ አሽቶ ያሾረዋል። ግራ እጅ ባዘቶውን ይዞ ቀስ እያለ ይስባል። አንዱ ፈጣን ነው፣ ሌላው ዝግ ያለ። እናትዎ ይህን ሲያደርጉ ሁለቱን እጆች ለየብቻ አያስቡም። ወሬ ሁሉ ያወሩ ነበር። ያ የመጣው ከልምድ ነው። የፒያኖውም ያው ነው።

እንዲህ ያድርጉ። ኪቦርዱን ይተዉትና ጠረጴዛ ላይ በእጅዎ ይምቱ። ቀኝ ሦስት ጊዜ ሲመታ ግራ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በመጀመሪያው ላይ። ድምፅዎን አውጥተው ይቁጠሩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በጣም ዝግ ይበሉ። ቡና እስኪፈላ ሲጠብቁም ይችላሉ። ይህ ሳይሳሳቱ ሲሄድልዎት ወደ ኪቦርዱ ይመለሱ። ግራዎ ሁለተኛዋ ዶ ላይ በ5ኛው ጣት፣ ከሷ በላይ ያለችው ሶል ላይ በ1ኛው ጣት ይቀመጥ። ሁለቱን አንድ ላይ ተጭኖ ይቆይ። በላዩ ቀኝዎ ሦስት ድምፅ ይጫወት። ለጊዜው ይህ ብቻ ይበቃል።

በቀን 20 ደቂቃ ይበቃዎታል። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ተቀምጦ ሳምንቱን ሙሉ ከመርሳት በየቀኑ 20 ደቂቃ ይሻላል። ማታ አልሆን ያለኝ ነገር ጠዋት ስነሳ እሺ ሲለኝ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

መሰንቆ ይበልጣል | ጥቅምት 12፣ ቀን 7፡15

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ አልስማማም። ጎንደር ተቀምጦ ፒያኖ? የእናትሽ ዜማ ትዝታ ከሆነ መሰንቆ ወይም ክራር ተማሪ። ኪቦርድ ላይ ያለው ድምፅ እኩል እኩል ተቆራርጦ የተቀመጠ ነው። የኛ ዜማ በሁለቱ ቁልፎች መሃል ነው የሚኖረው። አዝማሪ ጣቱን ጅማቱ ላይ ሲያንሸራትት የምትሰሚውን ነገር ከየትኛው ቁልፍ ታወጪዋለሽ? ለክፋት አይደለም። እናትሽን ፍለጋ ሄደሽ ሌላ ቦታ እንዳትደርሺ ብዬ ነው።

የበአታ ልጅ | ጥቅምት 12፣ ማታ 2፡30

ወንድሜ መሰንቆ፣ ያልከው እውነት ነው። ፒያኖ አንዱን ኦክታቭ፣ ማለትም ከአንዷ ዶ እስከ ቀጣይዋ ዶ ያለውን፣ በ12 እኩል ቦታ ይከፍለዋል። መሰንቆ ግን የሚቀኘው በሰው ጆሮ ነው። ልዩነቱ ይሰማል። ሆኖም «ስለዚህ ይተዉት» የሚለው ላይ አልከተልህም።

እኔ ልጅ ሆኜ በአታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም (የዝማሬና የሽብሸባ ትምህርት) ተምሬያለሁ። አሁን ሥራዬ ቢሮ ነው፤ ማታ ማታ ፒያኖ እጫወታለሁ። ፒያኖ ተጫዋቿን መነኩሲት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን አስብ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1960ዎቹ እዚሁ ጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጥንተዋል። የአብነት ተማሪዎች ደጅ ሲያድሩ አይተው አዘኑ። በዚያው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1967 ጀርመን አገር የመጀመሪያ ሸክላቸውን ያሳተሙት ለችግረኞች ገንዘብ ለማሰባሰብ ነው። በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም አረፉ። የሳቸውን ፒያኖ ስሰማ በቁልፎቹ መሃል ያለውን ነገር ጥለውት አልፈዋል አልልም። ዋናውን ድምፅ ከመምታታቸው በፊት ጎረቤቱን ነካ አድርገው ያልፋሉ። ጆሮ ያንን መንሸራተት ብሎ ይሰማዋል።

እህቴ፣ ስለ ኖታ ለጠየቅሽው ደግሞ። የኛ ሊቃውንት ዜማን በምልክት ሲጽፉ ኖረዋል። ይዘት፣ ደረት፣ ጭረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፣ ርክርክ። ከፊደሉ ጋር አብረው ይጻፋሉ። ተማሪው ግን መጀመሪያ ከመምህሩ አፍ ይቀበላል፤ ምልክቱ የሚያስታውሰው ነው። አንቺም እንደዚያ አድርጊው። የእናትሽን ዜማ በጆሮሽ አውጪ፤ ለእሱ ኖታ አያስፈልግሽም። ጎን ለጎን ግን በቀን አምስት ደቂቃ ኖታ አንብቢ። አምስት መስመር ነው፣ ፊደል ከመቁጠር አይከብድም። ዓመት ሲሞላሽ ሌላ ሰው የጻፈውን ወረቀት ገልጠሽ መጫወት ስትችዪ የሚሰማሽን ደስታ አሁን ልነግርሽ አልችልም።

ፊዚዮ ከማራኪ | ጥቅምት 13፣ ጠዋት 3፡00

ስለ ትከሻው። ኪቦርዱን ያስቀመጥሽው የምግብ ጠረጴዛ ላይ ነው? እንደሱ ከሆነ ለወንበርሽ ጠረጴዛው ከፍ ይልብሻል። ክንድሽ ወደ ላይ ስለሚዘረጋ ትከሻሽ ሳታውቂው ይነሳል። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ ሲያጎነብስ የዋለ ትከሻ ደግሞ ማታ ያን አይችልም።

ጋቢ አጥፈሽ ወንበሩ ላይ አንጥፊና ተቀመጪ። ክርንሽ ከቁልፎቹ ጋር እኩል ወይም በጣት ያህል ከፍ ይበል። የእጅ አንጓሽ ወደ ታች አይውደቅ። ጣቶችሽን ብርቱካን እንደያዝሽ ክብ አድርጊ። በየ10 ደቂቃው እጅሽን አውርደሽ አራግፊ። ጣትሽ ከደነዘዘ ወይም ሌሊት ሕመም ከቀሰቀሰሽ ልምምዱን አቁመሽ ታከሚ፤ እልህ አያስፈልግም።

መርፌና ክር | ጥቅምት 27፣ ማታ 3፡45

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁሉንም ሞከርኩ።

ጋቢው ሠርቷል። ትከሻዬ ሦስተኛው ቀን ላይ ተወኝ። ጠረጴዛ መምታቱንም ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ስጠብቅ አደርገዋለሁ። ትናንት ሦስት ለአንዱ ሳልሳሳት ሄደልኝ።

ያላማረው ዜማው ነው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ስመታ ትዝታ መሆኑ ይሰማኛል። የሷ ግን አይደለም። በጣም ደስተኛ ይሆንብኛል። እናቴ እንደዚያ አልነበረችም። ወንድሜ መሰንቆ ያለው ይህን ይሆን ብዬ ሁለት ቀን አልነካሁትም።

የአዘዞው ኪቦርዲስት | ጥቅምት 27፣ ማታ 3፡58

እትዬ አይተዉት! የሰጠሁዎት የትዝታ ሜጀሩን ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ሁለት ቁልፍ ብቻ ይቀይሩ። ሚን ትተው ከሷ በስተግራ ያለውን ጥቁር ይምቱ። ላንም ትተው ከሷ በስተግራ ያለውን ጥቁር ይምቱ። ዶ፣ ሬና ሶል ባሉበት ይቆዩ። ትዝታ ማይነር ይባላል። አሁኑኑ ይሞክሩት፣ እጠብቃለሁ።

መርፌና ክር | ጥቅምት 27፣ ማታ 4፡31

እሷ ናት።

ይቅርታ፣ ወዲያው መጻፍ አልቻልኩም። እሷው ናት።

መሰንቆ ይበልጣል | ጥቅምት 28፣ ጠዋት 2፡10

እህቴ፣ ያንቺን መልእክት ለባለቤቴ አነበብኩላት። ቀጥዪበት። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ከመሰንቆ የማውቀውን። ያቺ ከሚ በስተግራ ያለችው ጥቁር ላይ ስትደርሺ ቀጥ ብለሽ አትምቻት። ሬን በጣም አጭር ነካ አድርገሽ ግቢባት። አዝማሪ ቤት የምትሰሚው ልቅሶ የመሰለ ነገር እዚያ ጋ ነው ያለው። የበአታው ወንድማችን ጎረቤቱን ነካ ማድረግ ያለው ይህንኑ ነው።

ከጎንደር ርቃ ያለች | ጥቅምት 28፣ ማታ 5፡20

የቀሃ ልጅ ነኝ፤ የምኖረው ውጭ አገር ነው። ፒያኖ የጀመርኩት በ39 ዓመቴ ነው፣ በአስተማሪ። ክፍያው ቀላል አልነበረም። የተማርኩትን ዋና ነገር ልስጥሽ።

አስተማሪዬ ከመጀመሪያ ጀምሬ እስከ መጨረሻ እንድጫወት አይፈቅዱልኝም ነበር። የምሳሳትበትን ቦታ ወረቀቱ ላይ በክብ ያሰምሩልኛል። አራት ድምፅ ብቻ ልትሆን ትችላለች። «እሷን ብቻ» ይሉኛል። እኛ ጀማሪዎች ሁልጊዜ ከራስ እንጀምራለን፤ የምንችለውን እየደጋገምን እናሳምራለን፣ የማንችለው እንደ ተበላሸ ይቀራል። የሚያደናቅፍሽን ቦታ ቆርጠሽ አውጪው። እሱ ሲገራ ከበፊቱና ከኋላው አንድ አንድ ድምፅ ጨምረሽ አገናኚው።

ደግሞ ራስሽን በስልክ ቅጂ። ስንጫወት የማንሰማውን ቀረጻው ይነግረናል።

ስለ ዕድሜ ካነሳን ፒያኒስቱን ግርማ ይፍራሸዋን ሁላችንም እናውቀዋለን። እሱ እንኳ ልጅ እያለ የሚያውቀው ክራርን ነው። ፒያኖን ያገኘው በ16 ዓመቱ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። በዚህ ሙያ 16 ዓመት ዘግይቷል የሚባልበት ዕድሜ ነው።

መርፌና ክር | ኅዳር 19፣ ማታ 3፡05

«የሚያደናቅፍሽን ቆርጠሽ አውጪው» የሚለውን ሳነብ ሥራዬን አየሁት። ቀሚስ ስሰፋ በመኪና ከመስፋቴ በፊት በእጄ እወሰውሳለሁ። ሰፋ ሰፋ ያለ፣ ላላ ያለ ስፌት። ልክ ካልሆነ በቀላሉ ይፈታል። ቸኩዬ በመኪና ከሰፋሁት ግን ስፈታው ጨርቁ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ይቀራል። በፍጥነት ተሳስቼ የተለማመድኩትም እንደዚያው ነው፤ ጣቴ ላይ ይቀራል፣ ማስለቀቁ ከባድ ነው። አሁን ሁሉንም በውስወሳ ፍጥነት እጀምራለሁ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። መብራት በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይጠፋል። ልጄ አዳፕተሩንም የት እንዳደረገው አያስታውስም፤ የምጠቀመው የጎረቤት ነው። ሌላ ልግዛ? ሁለተኛ፣ ከጀርባው ፔዳል የሚሰካበት ቀዳዳ አየሁ። ያስፈልገኛል?

ጡረተኛው መምህር | ኅዳር 20፣ ጠዋት 1፡30

አዳፕተር ሲገዙ ኪቦርዱን ይዘው ይሂዱ። ከጀርባው የተጻፈውን ቮልት ያንብቡ። የመሰኪያው መሃል ፕላስ ይሁን ማይነስ የሚያሳየውን ትንሽ ሥዕልም ያስተያዩ። ቀዳዳው ውስጥ ስለገባ ብቻ ልክ ነው ማለት አይደለም። እኔ «ይሠራል» ተብዬ የገዛሁት የመጀመሪያ ካሲዮዬን አቃጥሎብኛል። ሽታው እስካሁን ይታወሰኛል።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ኪቦርዱን ገልብጠው ሆዱን ይዩት። ብዙዎቹ ትንንሽ ኪቦርዶች 6 ድንጋይ ይወስዳሉ። እኔ በሻማ ስለማመድ ዓይኔ ቁልፉን ስለማያይ ጣቴ ራሱ መፈለግ ለምዷል።

የአዘዞው ኪቦርዲስት | ኅዳር 20፣ ቀን 6፡40

ፔዳሉን ይግዙ እትዬ። ሲረግጡት ጣትዎን ቢያነሱም ድምፁ ይቀጥላል። ለትዝታ ነፍስ ነው። ግን ከቁልፉ ጋር እኩል አይረገጥም። መጀመሪያ ይምቱ፣ ከዚያ ይርገጡ። ግራ እጅዎ ሲቀየር እግርዎን አንስተው እንደገና ይርገጡ። ካላነሱት ድምፅ በድምፅ ላይ ይደራረብና ይደፈርሳል። ጥግ ላይ ሲደርሱ መኪናውን ለቀቅ አድርገው ጨርቁን እንደሚያዞሩት ማለት ነው። እግርዎ ይህን ከኔ በላይ ያውቃል።

መርፌና ክር | ጥር 15፣ ማታ 2፡50

እንኳን ከጥምቀት በዓል በሰላም አሸጋገራችሁ።

ታላቅ እህቴ ለጥምቀት ከደምቢያ መጥታ ነበር። ከቀሃ ታቦት ሸኝተን ተመለስን። እግሯን ዘርግታ ቡና ስትጠብቅ ምንም ሳልናገር ጋቢዬን አነጠፍኩና ተቀመጥኩ። በሁለት እጄ ተጫወትኩት። ሁለት ቦታ ላይ ተደናቀፍኩ፤ አላቆምኩም። ከኋላዬ ዝም ብላለች። ጨርሼ እጄን ሳነሳ እህቴ አፏን ሳትከፍት ቀጠለችው።

ለካ ዜማው አላለቀም ነበር! እኔ የማስታውሰው ግማሹን ነው። ሁለተኛውን ግማሽ እሷ ይዛው ኖራለች። ወደ ታች የሚወርድ ነው። ስልኬ ላይ አስቀዳኋት፤ ሁለት ቀን ሙሉ እሱን ስሰማ ነው የከረምኩት።

አሁን የቸገረኝ ይህ ነው። ዜማው ከመሃለኛዋ ዶ በታች ወርዶ ሶል ላይ ይደርሳል። እዚያች ሶል ላይ ደግሞ የግራ አውራ ጣቴ ተቀምጧል። እጆቼ ተጋጩ። ምን ላድርግ?

የአዘዞው ኪቦርዲስት | ጥር 15፣ ማታ 3፡02

እትዬ፣ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርሱ ግራዎን አንድ ኦክታቭ ያውርዱት፤ ከግራ ጫፍ ያለችው የመጀመሪያዋ ዶ ላይ። ግን እዚያ ታች ሁለት ድምፅ አንድ ላይ ሲመታ ያጉረመርማል። ስለዚህ ሶልን ይተዉትና ዶን ብቻ በ5ኛው ጣት ይምቱ፤ ፔዳሉ ይያዝልዎት። ዝላዩን መጀመሪያ ያለ ድምፅ ይለማመዱት። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣ ጣትዎ ቁልፉ ላይ እስኪያርፍ ብቻ፣ ሳይጫኑ።

መርፌና ክር | ጥር 18፣ ማታ 3፡30

ገባልኝ። ነገ ጠዋት ለእህቴ ደውዬ በስልክ አሰማታለሁ። ደምቢያ ኔትወርክ ካለ።